«ሌሎች» የተባሉት ጋላክሲዎች

አሥረኛ ክፍል እያለሁ አንድ ቀን መምህራችን ሰሌዳው ላይ ሦስት ሥዕል ሣሉ። የመጀመሪያው እንደ ቀንድ አውጣ ቅርፊት የተጠማዘዘ ነበር። ሁለተኛው እንቁላል ይመስላል። ሦስተኛው ግን ጠመኔው ከእጃቸው አምልጦ የተጫጫረ እንጂ የተሣለ አይመስልም። ከሥራቸው «ጠመዝማዛ፣ ሞላላ፣ ሌሎች» ብለው ጻፉ። ጋላክሲ ማለት በቢሊዮን የሚቆጠሩ ከዋክብት ከጋዝና ከአቧራ ጋር በስበት ኃይል ተያይዘው የሚኖሩበት ስብስብ እንደሆነ፣ የእኛ ፀሐይም ሚልኪ ዌይ በሚባለው ጋላክሲ ውስጥ ካሉት ከዋክብት አንዷ እንደሆነች አስረዱን። እጄን አወጣሁና «ቲቸር፣ ሌሎች የሚባሉት ለምን እንደዚህ ሆኑ?» አልኳቸው።

«እሱ ፈተና ላይ አይመጣም» አሉኝ። ክፍሉ ሳቀ፣ እኔም አብሬ ሳቅሁ።

ጥያቄው ግን አልለቀቀኝም። ዩኒቨርሲቲ ገብቼ በሌሊት ፓኬጅ ዩቲዩብ ላይ ስዞር ሃልተን አርፕ የሚባል አሜሪካዊ የሥነ ፈለክ ተመራማሪ አገኘሁ። ቪዲዮው እንደሚለው ሰውዬው እነዚያን «ሌሎች» አንድ በአንድ ፎቶ አንስቶ፣ ያየውን እውነት ስለተናገረ ብቻ ከቴሌስኮፑ የተባረረ ነው። ሃያ ዓመት ላልሞላው ልጅ ከዚህ የበለጠ ምን ይጥመዋል? በአንድ ሌሊት የአርፕ ደጋፊ ሆንኩ። ከዶርም ጓደኛዬ ጋር ሳምንት ሙሉ ተጨቃጨቅን።

ይህን የምጽፈው ያ ጭቅጭቅ የት እንዳደረሰኝ ለመናገር ነው። ታሪኩ ቪዲዮው ከነገረኝ በጣም ይረዝማል። ዓመቶቹን ሁሉ የምጠቅሰው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

በእጅ የተሣለ ሽክርክሪት

ነገሩ የሚጀምረው በ1845 አየርላንድ ውስጥ፣ ቢር በምትባል ትንሽ ከተማ ነው። ሎርድ ሮስ በመባል የሚታወቀው ባላባት ዊሊያም ፓርሰንስ በግቢው ውስጥ በዘመኑ በዓለም ትልቁን ቴሌስኮፕ አሠራ። መስታወቱ ብቻ 1.8 ሜትር ስፋት ነበረው፤ ቱቦው በሁለት ግንብ መሐል ተንጠልጥሎ በሰንሰለት ይጎተት ነበር። በዚያ ዘመን ሰማይን ፎቶ ማንሳት ገና አልተለመደም። ስለዚህ ሎርድ ሮስ ዓይኑን መመልከቻው ላይ አድርጎ ያየውን በእጁ ይሥል ነበር።

በዚያ ዓመት የሣለው ነገር ዛሬ ኤም 51 ይባላል። እናቶቻችን እንጀራ ሲጋግሩ ሊጡን ከምጣዱ ዳር ጀምረው እያዞሩ ወደ መሐል ሲያመጡት አይታችኋል? የሎርድ ሮስ ሥዕል ልክ እሱን ይመስላል፤ በመሐል ብሩህ እምብርት፣ ዙሪያውን የተጠማዘዙ ክንዶች። በሰማይ ላይ የሽክርክሪት ቅርጽ ሲታይ የመጀመሪያው ነበር። በዚያው ዓመት የድንች በሽታ አየርላንድ ገባ፣ ታላቁ ረሃብም ተከተለ፤ ቴሌስኮፑም ለተወሰነ ጊዜ ሥራ ፈታ።

በሥዕሉ ላይ አንድ ሌላ ነገር አለ። ከአንደኛው ክንድ ጫፍ ላይ የተንጠለጠለች ትንሽ ብርሃን ትታያለች። ሎርድ ሮስ ያየውን ሁሉ ስለሚሥል እሷንም ሣላት። ምን እንደሆነች ግን ሊያውቅ አይችልም ነበር፤ በዚያን ጊዜ እነዚህ ነገሮች «ኔቡላ»፣ ማለትም ጉም፣ ነው የሚባሉት። ይህችን ትንሽ ብርሃን ያዙልኝ፤ እንመለስባታለን።

ከመቶ ሦስት

ጉሞቹ ከእኛ ጋላክሲ ውጭ ያሉ ሌሎች ጋላክሲዎች መሆናቸው እንዲረጋገጥ ወደ ሰማንያ ዓመት ፈጀ። በ1923 ኤድዊን ሃብል ካሊፎርኒያ በሚገኘው የማውንት ዊልሰን ቴሌስኮፕ አንድሮሜዳ ውስጥ ብርሃኗ ከፍ ዝቅ የሚል ኮከብ አገኘ። በእሷ ርቀቱን ሲለካ አንድሮሜዳ ከእኛ ጋላክሲ ፈጽሞ ውጭ ሆና ተገኘች።

ሃብል በ1926 ጋላክሲዎችን በቅርጻቸው መደባቸው። መምህራችን ሰሌዳው ላይ የሣሉት የእሱን ምድብ ነው። አብዛኞቹ ወይ ሞላላ ወይ ጠመዝማዛ ሆኑለት። ከመቶ ሦስት ያህሉ ብቻ አልገጥም አሉ፤ እነሱን «ቅርጸ ቢስ» ብሎ ለብቻ አስቀመጣቸው። በሃብል አልፈርድም። የማታውቀውን ዓለም ስትጀምር መጀመሪያ የተለመደውን መለየት ያስፈልጋል። ችግሩ የመጣው በኋላ ነው፤ የቤት ዕቃ ሲበዛ አንድ ጥግ ላይ እንደምንቆልለው ሁሉ ያልገጠመ ጋላክሲ በተገኘ ቁጥር ወደዚያው ጥግ ይወረወር ጀመር።

ሰባ አራት አምፖል

አሁን ወደ ስዊድን እንሂድ። ሉንድ ውስጥ ኤሪክ ሆልምበርግ የሚባል ተመራማሪ አንድ ጥያቄ ነበረው፤ ሁለት ጋላክሲዎች ተጠጋግተው ቢተላለፉ ምን ይሆናሉ? ጥያቄው ቀላል ነው፣ ስሌቱ ግን አይቻልም። እያንዳንዱ ኮከብ እያንዳንዱን ኮከብ ይስባል፤ ሁሉም በየቅጽበቱ ቦታ ይቀይራል። ኮምፒውተር ደግሞ የለም።

ሆልምበርግ ምን አደረገ መሰላችሁ? አምፖል ገዛ። ብርሃንና ስበት አንድ የጋራ ሕግ አላቸው፤ ርቀቱ እጥፍ ሲሆን ሁለቱም ወደ ሩብ ይወርዳሉ። ስለዚህ ለአንዱ ጋላክሲ 37፣ ለሌላው 37 አምፖል ጠረጴዛ ላይ ደረደረ። በከዋክብት ፈንታ አምፖል፣ በስበት ፈንታ ብርሃን። በየአምፖሉ ቦታ ላይ የብርሃን መለኪያ እያስቀመጠ ከየአቅጣጫው ምን ያህል ብርሃን እንደሚደርስ ይለካል፤ ያ ቁጥር ስበቱ ነው። ከዚያ አምፖሎቹን እንደ ስሌቱ ትንሽ ያንቀሳቅሳል፣ እንደገና ይለካል፣ እንደገና ያንቀሳቅሳል።

ውጤቱን በ1941 አሳተመ። አምፖሎቹ ሲተላለፉ ቅርጻቸው ተዛባ፣ እንደ ጠመዝማዛ ክንድ ያለ ነገር አወጡ። ከዚህም በላይ፣ መተላለፋቸው ጉልበታቸውን ስለሚበላው አንዱ ሌላውን ይዞ ሊያስቀረው እንደሚችል ታየ። ያ ዓመት ግን ዓለም በጦርነት የምትነድበት ነበር። ሥራው ለረጅም ጊዜ ተከታይ ሳያገኝ ቆየ። ይህን ሳነብ ትንሽ አፈርኩ፤ የእኔ ዩቲዩብ ስለ ሆልምበርግ አንድም ቪዲዮ አሳይቶኝ አያውቅም ነበር። ማንም ስላላባረረው ይሆናል።

የ338ቱ መዝገብ

አርፕ የሚገባው እዚህ ላይ ነው። ዛሬም የማከብረው ለዚህ ሥራው ነው። በፓሎማር ተራራ ላይ ባለው አምስት ሜትር ቴሌስኮፕ እየተጠቀመ ሌሎች ወደ ጥግ የወረወሯቸውን ጋላክሲዎች ፈልጎ ፎቶ አነሳ። በ1966 «የእንግዳ ጋላክሲዎች አትላስ» ብሎ 338 ፎቶዎችን አወጣ። አንድ ክንድ ብቻ ያላቸው፣ ቀለበት የሆኑ፣ እንደ አይጥ ጅራት ያበቀሉ፣ በቀጭን ድልድይ የተያያዙ፣ ሁሉንም በመልካቸው ደረደራቸው።

ሐሳቡ ብልህ ነበር። ጋላክሲን ላቦራቶሪ አስገብተን አንመታውም፣ አንጎትተውም። እነዚህ እንግዶች ግን ተፈጥሮ ራሷ የሠራችልን ሙከራ ናቸው ብሎ ያምን ነበር። በዚህ ፍጹም ትክክል ነበር። ታዲያ ሙከራው የምን ሙከራ ነው? ጠቡ የመጣው እዚህ ላይ ነው።

«ስበት ነው፤ ጎረቤት ጎትቷቸው ነው» የሚሉ ነበሩ። ብዙዎች ግን አልተዋጠላቸውም። የጅራቶቹ አንዳንዶቹ ርዝመት ከመቶ ሺህ የብርሃን ዓመት ይበልጣል፣ ውፍረታቸው ግን እንደ ክር ነው። ስበት ነገርን ያብጣል፣ ያዛባል እንጂ እንዴት ክር ይፈትላል? ስለዚህ አንዳንዱ ማግኔት ነው አለ፤ አርፕ ደግሞ ጋላክሲዎች ከውስጣቸው ቁስ አካል እየተፉ ነው አለ።

ሁለቱ ወንድማማቾች

መልሱ በ1972 መጣ፤ ያመጡትም አላርና ዩሪ ቱምሬ የሚባሉ ወንድማማቾች ናቸው። ኤስቶኒያ ነው የተወለዱት። በ1944 ቤተሰባቸው ከጦርነቱ ሸሽቶ ጀርመን ገባ፤ በ1949 ደግሞ አሜሪካ ተሻገሩ። ሁለቱም ሳይንቲስት ሆኑ፤ አሁን ደግሞ ኮምፒውተር ነበራቸው፣ ምንም እንኳ ኪሳችሁ ውስጥ ካለው ስልክ ጋር የማይወዳደር ቢሆንም።

ያደረጉት ነገር ሆን ተብሎ የተቃለለ ነው። የጋላክሲውን ክብደት በሙሉ መሐሉ ላይ በአንድ ነጥብ አስቀመጡ። ዙሪያውን ክብደት የሌላቸው ነጥቦች በቀለበት በቀለበት እንዲዞሩ አደረጉ። ከዚያ ሌላ ከባድ ነጥብ በአጠገቡ እንዲያልፍ ለቀቁትና ተመለከቱ። ክሩ ተፈተለ።

ለምን? የባሕርን ሙላት አስቡ። ጨረቃ በእሷ በኩል ያለውን ውሃ ከመሬት ይበልጥ ትስባለች፤ መሬትን ደግሞ በወዲያኛው በኩል ካለው ውሃ ይበልጥ ትስባለች። ስለዚህ ባሕሩ በሁለቱም በኩል ያብጣል። ጋላክሲም እንደዚያው ነው፤ በጎረቤቱ በኩል ያሉት ከዋክብት ወደ ጎረቤቱ ተጎትተው ድልድይ ይሆናሉ፣ በጀርባ በኩል ያሉት ወደ ኋላ ቀርተው ጅራት ይሆናሉ። ክሩን የሚያረዝመው ደግሞ ሽክርክሪቱ ነው። ልጅን ዥዋዥዌ ላይ ስትገፉት በምቱ ከገፋችሁት ከፍ ይላል፣ ያለ ምቱ ከገፋችሁት ይቆማል። አላፊው ጋላክሲ ከዋክብቱ በሚዞሩበት አቅጣጫ ካለፈ አብሯቸው ረዘም ላለ ጊዜ ስለሚጓዝ አርቆ ይጎትታቸዋል። በተቃራኒው ካለፈ ብዙም አይነካቸው።

ወንድማማቾቹ በዚህ መንገድ በሰማይ ላይ ያሉ አራት ጥንዶችን መልክ አስመስለው አወጡ። አንደኛው «አይጦቹ» የሚባሉት ረጅም ጅራት ያላቸው ጥንድ ነው። ሌላው «አንቴናዎቹ» ናቸው፤ ከነፍሳት ራስ ላይ እንደሚወጣው ዓይነት ሁለት ክር አላቸው። ከአራቱ አንዱ ግን ኤም 51 ነበር። ያዙልኝ ያልኳችሁ ትንሽ ብርሃን፣ ሎርድ ሮስ ከክንዱ ጫፍ ላይ የሣላት፣ አጠገቡ ያለፈችው ጎረቤት ጋላክሲ ናት። በአርፕ መዝገብም ኤም 51 ቁጥር 85 ነው። የሰው ልጅ መጀመሪያ ያየው ጠመዝማዛ ጋላክሲ፣ የመማሪያ መጻሕፍቱ ሁሉ «የተለመደ» ምሳሌ፣ ከመጀመሪያውም ከእንግዶቹ ወገን ነበር።

በ1977 ታላቁ ወንድም አላር ሐሳቡን ወደፊት ገፋው። ሁለት ጠመዝማዛ ጋላክሲዎች ተጋጭተው ሲዋሃዱ መጨረሻቸው ሞላላ ጋላክሲ ሊሆን ይችላል አለ። እንግዲህ መምህራችን ሰሌዳው ላይ የሣሏቸው ሦስቱ ቅርጾች ሦስት ዘሮች ላይሆኑ ይችላሉ ማለት ነው። ጠመዝማዛው በ«ሌሎች» በኩል አልፎ ሞላላ ይሆናል።

የጋሪው ጎማ

«ግጭት» ስል የመኪና ግጭት እንዳይመስላችሁ። ፀሐይን አሳንሰን መርካቶ ላይ የተቀመጠች አንዲት ብርቱካን ብናደርጋት፣ የቅርብ ጎረቤቷ ኮከብ ሪያድ አካባቢ ትሆናለች። በመሐል ባዶ ነው። ስለዚህ ጋላክሲዎች ሲጋጩ ከዋክብቱ እርስ በርስ ሳይነካኩ ይተላለፋሉ። የሚጋጨው ጋዙ ነው፤ ጋዙ ሲጨመቅ ደግሞ አዳዲስ ከዋክብት ይወለዳሉ።

ይህን ከሁሉ ይልቅ የሚያሳየኝ «የጋሪ ጎማ» የሚባለው ጋላክሲ ነው። ፍሪትስ ዝዊኪ በ1941 ነው ያገኘው፤ ወደ 500 ሚሊዮን የብርሃን ዓመት ይርቃል። መሐሉ ላይ እምብርት፣ ዳሩ ላይ ትልቅ ሰማያዊ ቀለበት፣ በመካከል ደግሞ እንደ ጎማ ዘንግ ያሉ ክሮች አሉት። አንድ ትንሽ ጋላክሲ ሰንጥቆት አልፏል፣ ያውም ልክ መሐሉን። በሚያልፍበት ጊዜ የተጨመረው ስበት ከዋክብቱን ወደ ውስጥ ሳባቸው፤ ሲያልፍ ተለቅቀው ወደ ውጭ ተመለሱ። ድንጋይ የተወረወረበት ኩሬ ላይ እንዳለው ሞገድ ቀለበቱ ወደ ዳር ይሰፋል፤ በሄደበትም ጋዙን እየጨመቀ ከዋክብት ይወልዳል። ይህ ከተጀመረ ወደ 400 ሚሊዮን ዓመት ሆኖታል። የጄምስ ዌብ ቴሌስኮፕ ፎቶው በነሐሴ 2022 ሲወጣ የስልኬ መደገፊያ ምስል አደረግሁት፤ እስካሁን አልቀየርኩትም።

ጭቅጭቃችን

አርፕስ? አርፕ በራሱ ፎቶዎች ላይ ሌላ ነገር አየ። ኳዛር የሚባሉት በጣም ብሩህ ነገሮች በእንግዶቹ ጋላክሲዎች አጠገብ ይበዛሉ አለ። ከሩቅ የሚመጣ ብርሃን ወደ ቀይ ያዘነብላል፤ በዚህ ልኬት ኳዛሮቹ እጅግ ሩቅ ናቸው። አርፕ ግን ልኬቱን አልቀበልም፣ ኳዛሮቹ ከጎረቤት ጋላክሲዎች የተተፉ ናቸው አለ። ትልቁ ማስረጃው ኤንጂሲ 4319 የሚባል ጋላክሲና ማርካሪያን 205 የሚባል ኳዛር ነበሩ። በፎቶው ላይ በድልድይ የተያያዙ ይመስላሉ። በቀዩ ልኬት ግን አንዱ 80 ሚሊዮን፣ ሌላው ወደ አንድ ቢሊዮን የብርሃን ዓመት ነው የሚርቀው።

እኔ ይህን ፎቶ ለጓደኛዬ አሳይቼ «ታያለህ፣ ተያይዘዋል! ስለማይመቻቸው ነው የሚደብቁት» አልኩት። እሱ ሳቅ ብሎ «አንተ ማታ እንጦጦ ወጥተህ አታውቅም?» አለኝ። ወጥቻለሁ። ከዚያ ሆናችሁ ከተማውን ስትመለከቱ የሽሮ ሜዳ መብራትና የቦሌ መብራት ጎን ለጎን ሆነው የአንድ ቤት መብራት ይመስላሉ። መልስ አጣሁ፤ ግን ለማመን ወራት ፈጀብኝ።

ያሳመነኝ የእሱ ቀልድ አልነበረም። የሃብል ቴሌስኮፕ በኳዛሮች ዙሪያ እናት ጋላክሲያቸውን አሳየ፤ የጋላክሲውም ርቀት ከኳዛሩ ርቀት ጋር ይገጥማል። የብዙ ኳዛሮች ብርሃን ደግሞ በመንገዱ ላይ ያሉ ጋላክሲዎች ጋዝ አሻራ ታትሞበት ይደርሰናል። ከኋላ ካልመጣ በፊተኛው አያልፍም።

በ1980ዎቹ አርፕ ለዚህ ምርምሩ ፓሎማር ላይ የቴሌስኮፕ ጊዜ ተከለከለ፤ ወደ ጀርመን ሄዶ ማክስ ፕላንክ ተቋም ውስጥ መሥራቱን ቀጠለ። በ2013 ሙኒክ ውስጥ አረፈ፣ ሐሳቡንም አልቀየረም። ቪዲዮው የተናገረው መከልከሉ እውነት ነው። ያልነገረኝ መሳሳቱን ነው። ሁለቱም እውነት ሊሆኑ ይችላሉ፤ ለእኔ ከባዱ ነገር ይህን መቀበል ነበር። የተገፋ ሰው ትክክል እንዲሆን እንፈልጋለን፣ ምክንያቱም ሁላችንም የሆነ ቦታ ላይ ተገፍተናል። መከልከሉ ዛሬም ደስ አይለኝም፤ ግን መገፋት ማስረጃ አይደለም። ትክክል የነበሩት አምፖል የደረደረው ሰውዬና ሁለቱ ስደተኛ ወንድማማቾች ናቸው። እነሱም ቢሆኑ በሰማዩ የሚያመሳክሩት በእንግዶቹ ፎቶ ነው፤ ከአራቱ ጥንዶች አንዱን ዛሬም የምንጠራው «አርፕ 295» ብለን በመዝገቡ ቁጥር ነው።

ያልተፈታው ቀለበት

ሁሉም ተፈቷል ብዬ አላታልላችሁም። አርተር ሆግ በ1950 ያገኘው፣ ዛሬ በስሙ የሚጠራው ጋላክሲ አለ። መሐሉ ላይ ቢጫ ኳስ፣ ዙሪያው ባዶ፣ ከባዶው ውጭ ፍጹም የሆነ ሰማያዊ ቀለበት። እንደ ጋሪው ጎማ ነው እንዳትሉ፣ ሰንጥቆ ያለፈ ጎረቤት አጠገቡ አይታይም። አንዱ ድሮ መሐሉ ላይ የነበረ የከዋክብት ዘንግ ፈርሶ ነው ይላል፣ ሌላው ከውጭ የሳበው ጋዝ ነው ይላል። የሚገርመው በባዶው ቦታ በኩል፣ ከኋላው በጣም ሩቅ፣ ሌላ ቀለበት ጋላክሲ ይታያል።

የእኛም ቤት ቢሆን ከእንግዶቹ ዝርዝር ብዙ አይርቅም። ሚልኪ ዌይ ዳሩ ላይ ተጣሟል። በ1994 አንዲት ትንሽ ጋላክሲ እየገነጣጠለ ሲውጥ ተደርሶበታል። ከአንድሮሜዳ ጋር ደግሞ ይጋጫል እየተባለ ለዓመታት እንደ ቁርጥ ነገር ይነገር ነበር፤ በ2025 የወጣ ጥናት በሚቀጥሉት አሥር ቢሊዮን ዓመታት ዕድሉ ግማሽ በግማሽ ነው አለ።

ባለፈው ጨረቃ በሌለችበት የጥር ምሽት ከአርባ ምንጭ ከፍ ካለ ቦታ ላይ ቆመን ነበር፤ ጨሞ ሐይቅ ከታች በደቡብ በኩል ተዘርግቷል። ከምሽቱ አራት ሰዓት ገደማ ከሐይቁ በላይ፣ ከአድማስ ብዙም ሳትርቅ፣ ደብዛዛ ነጭ ነገር ታየች። ያመጣን የባጃጅ ሾፌር ትንሽ ሲያያት ቆየና «ብሮ፣ እሷ ደመና አይደለችም መሰለኝ፤ ቅድም የነበረችበት ነች» አለኝ።

ትልቋ የማጄላን ደመና ናት አልኩት፤ ስሟ ነው እንጂ ደመና አይደለችም፣ 160 ሺህ የብርሃን ዓመት የምትርቅ ጋላክሲ ናት።

«ጋላክሲ ክብ አይደለም እንዴ? ይቺ ምኗ ነው ጋላክሲ?»

አሥረኛ ክፍል የተማርኩት መልስ አፌ ላይ መጣ፤ «ሌሎች» ከሚባሉት ናት ልለው ነበር። ተውኩት። ባጃጁ ላይ ተደግፈን፣ ከአጠገቧ አንዲት ታናሽ እንዳለቻት፣ ሁለቱ እርስ በርስ ሲጓተቱ በመሐላቸው የጋዝ ድልድይ እንደተዘረጋ፣ ከኋላቸውም ረጅም የጋዝ ጅራት እየጎተቱ በእኛ ዙሪያ እንደሚጓዙ ነገርኩት። ሲጨርስ አሳየኝ የሚል መስሎኝ ነበር። እሱ ግን «ታናሿ የትኛዋ ናት?» አለኝ፤ ወደ አድማሱ ዝቅ ብለን አብረን መፈለግ ጀመርን።